ከፎርኖው ጀርባ ያለው ክፍል

ኅዳር 14

ለወንድሜ ለድመቱ፤

ሰላምታዬ መንገድ ሳያደክመው ይድረስህ። አንተንም እማማንም በአንድ ጣሪያ ሥር በጤና ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የሆቴሉ አንሶላ ተኩሼ የማልጨርሰው ሆኖብኝ እንጂ ሌላ ስሞታ የለኝም። ካውያው አንዳንዴ ጣቴን ይልሰኛል፤ እሰድበዋለሁ፤ ከዚያ እንታረቃለን።

እማማ በግንበኛው እጅ ያስጻፈችው ወረቀት ትናንት ደረሰኝ። ፎርኖው አልቆ የመጀመሪያው ዳቦ ወጣ አሉ! እልል ስል የላውንደሪው አለቃ የተቃጠልኩ መስሎት እየሮጠ መጣ። ወንድሜ ሞቀው አልኩት። ምን እንደምል አልገባውም፤ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ግንበኛው ያልኩትን ሁሉ እንዳልኩት ሠርቶት እንደሆነ ንገረኝ። የፎርኖው ጀርባ ካንተ ክፍል ጋር ይጋራ፣ መሃል ያለው ግድግዳ ስስ ይሁን፣ አልጋው ግድግዳውን ይነካ፣ ነፋስ እንዳይገባ መስኮቷ ትደፈን ያልኩት እኔ ነኝ። የማንም ምክር የለበትም። ባለፈው ብርድ እግሮችህ ወይን ጠጅ እየመሰሉ እስከ ቀትር እንደማይሞቁ ከጻፍክልኝ ወዲህ ለዚህ ክፍል ገንዘብ ሳጠራቅም ነው የከረምኩት። እንደ ድመት እየተራመድክ ቆርቆሮ ከምትመታበት ከዚያ ጣሪያ ከወደቅክ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ መራመድ ትችል እንደሆነ ነው። እኔ ግን የማስበው ብርድህን ነው። እዚያ ሆኜ እግርህን ማሸት ካልቻልኩ እሳቱ በኔ ፈንታ ያሽልኝ።

ሙቀቱ እንዴት እንደሆነ ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ይህን ለእማማ ስታነብላት እዚህ ላይ ቆም በልና ጉንጯን ሳምልኝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 20

ለእታለም፤

በሰው አገር እጅሽን ካውያ፣ ልብሽን ሐሳብ አይንካብኝ። እኛ ደህና ነን። እማማ ደብዳቤሽን ደጋግማ ካስነበበችኝ በኋላ አሁንም ድገምልኝ ስትል፣ «የሰበርኩት ጀርባዬን ነው፤ ጉሮሮዬን ደግሞ አንቺ አትጨርሺብኝ» አልኳት። ጉንጯን ስሜያታለሁ። ዱቄት ነበረበት።

ግድግዳሽ ይሞቃል። እማማ ማለዳ እሳቱን ስትለኩስ ከወዲያ በኩል እንጨቱ ሲንጣጣ እሰማለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ጀርባዬን ሳስጠጋ የተኛች ላም የተደገፍኩ ይመስለኛል። ከደረቴ በታች ባይሰማኝም ትከሻዬ ለሌላው አካሌ ሁሉ ይመሰክራል። ዘንድሮ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አላደረም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ባለፈው መጥታ ነበር። ኮስታራዋ እንላታለን፤ ስትስቅ ያየ የለም። ነገሩን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ከጭንቅላት ወደ ታች የሚወርደው ኅብለ ሰረሰሬ የተጎዳው ደረቴ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ላለው አካሌ ትእዛዝ አይደርሰውም። ሲበርድ «ተንቀጥቀጥ»፣ ሲሞቅ «ላብ አውጣ» የሚለውን የሚሰማ የለም። የደም ሥሮቼም ጠበብ በሉ ሲባሉ አይጠቡም። አለቃው እላይ ሆኖ ይጮኻል፣ ሠራተኞቹ ሌላ ሰፈር ናቸው። ድንገት ቀና ካልኩ ደሜ እግሬ ውስጥ ወርዶ አልመለስም ይላል፤ ዓይኔ ይጨልማል። እማማ ሆዴን በሰፊ ላስቲክ ጥፍር አድርጋ ታስረኝና እግሬን ወደ ላይ አንስታ ትይዘኛለች። በር ላይ ቆሞ የሚያይ የተጣላን ይመስለዋል። አንዳንዴ ደግሞ የሽንት ቱቦዋ ሳላውቅ ታጥፋ የደም ግፊቴ ሽቅብ ይወጣና ራሴን በመዶሻ ይቀጠቅጠኛል። ያኔ እማማ ቶሎ ቀና አድርጋ አስቀምጣኝ ቱቦዋን ታቃናለች። ይህን ሁሉ ተክናበታለች፤ ደብዳቤ ማንበብ ብቻ ነው የቀራት።

ነርሷ ግድግዳሽን በመዳፏ ነካችና «ሲበዛስ?» አለች። ሙቀት ምን ይበዛል አልኳት። «አንተ አሁን ብርዱንም ሙቀቱንም እንደ እንሽላሊት ካለህበት ቦታ ነው የምትወስደው» አለችኝ። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ድመት ሆኜ ወጥቼ እንሽላሊት ሆኜ ወረድኩ።

ቴርሞሜትር አጠገብህ ይኑር ብላለች። ከተገኘ አንድ ላኪልኝ። ሌላ የሚጎድለኝ የለም።

የቀድሞው ድመት

ጥር 26

ለወንድሜ፤

እንቁላል ይመስል ቴርሞሜትሩን በጥጥ ጠቅልዬልሃለሁ፤ ሳይሰበር ይድረስልኝ። አብሮት ያለው ብርድ ልብስ የንጹሕ ሱፍ ነው። ገዝቼ ወደ ቤት ስወስደው አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ላብ አጠመቀኝ። ያንን ሳይ ይሄስ ለወንድሜ ነው አልኩ።

የሥራ ጓደኞቼ ስለ ክፍልህ ሰምተው አይጠግቡም። ወንድሜ ብርድ የማያውቀው ክፍል አለው እያልኩ አንሶላ ባጠፍኩ ቁጥር አወራለሁ። አንዷማ «ግድግዳውን ጨርሰሽዋል፤ አሁን ደግሞ ስለ ጣሪያው ንገሪን» አለችኝ። እሷ ምን ታውቃለች።

ያቺ ነርስ ግን ምን ማለቷ ነው? ሙቀት በዛበት ተብሎ የታመመ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሰው የሚታመመው በብርድ ነው። ኮስታራ ሰው ነገር ማክበድ ይወዳል። ብርድ ልብሱን ልበሰውና ግድግዳውን ተደግፈህ የተነሣኸው ፎቶ ላክልኝ፤ አፋቸውን የማዘጋው በእሱ ነው። ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ

መጋቢት 2

ወንድሜ፤

ምነው? እቃው ደረሰ አልደረሰ፣ ወፍ የለም። በየቀኑ ከሥራ ስወጣ የደብዳቤ ሣጥኔን እከፍታለሁ፤ ባዶውን ይጠብቀኛል። እማማ አሟት እንደሆነ አትደብቀኝ። አንተ አሞህ እንደሆነም አትደብቀኝ። ፎቶው ይቅርብኝ፤ ሁለት መስመር ጻፍልኝ።

እህትህ

መጋቢት 24

ለእታለም፤

ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ጤናሽን እመኛለሁ፤ የኛን አትጠራጠሪ። እቃው በሙሉ ደርሷል። ቴርሞሜትሩ አልተሰበረም፤ ብርድ ልብሱም በጣም ያምራል። እማማ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ ናት የላከችለት» እያለች ጨርቁን ታስነካለች።

የዘገየሁት ትንሽ አተኩሶኝ ስለነበር ነው። አሁን ደህና ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ሰነፍኩ እንጂ ሌላ አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ የተደፈነችው መስኮት ብትከፈት ቅር ይልሻል? እማማን ብጠይቃት «እህትህን ጠይቅ» አለችኝ። ወቅቱ ሞቃት ነው፤ ቀን ቀን አየሩ ይከብዳል።

ደግሞ ሌላ ወሬ። ጣሪያ ላይ ያሠራኝ የነበረው የድሮ አለቃዬ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር። እንደኔ በዊልቸር የሚሄዱ ሰዎች ማኅበር አለ። ግቢያቸው ዛፍ አለው፣ ቤቱ በሁለት ወገን መስኮት ነው፣ ጀርባው ላይ ደግሞ ባልዲና ጭስ ማውጫ ከቆርቆሮ የሚሠሩበት ቦታ አላቸው። መቀሱን የሚይዝላቸው ሰው ይፈልጋሉ አለኝ። እጄ እንደሆነ ደህና ነው። እንዲያው ወሬውን ነው የነገርኩሽ።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 12

ለወንድሜ፤

ደብዳቤህ ስትደርሰኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኳት። ተመስገን፣ አለህ። አሁን ግን ጆሮህን ስጠኝ።

መስኮት የምትለውን ከአእምሮህ አውጣ። አተኩሶህ ሰንብተህ ነፋስ ላይ ልትተኛ? ትኩሳት የሚለቀው ሰውዬው ደህና ተሸፋፍኖ ላቡ ግንፍል ሲል ነው። እኔ ራሴ እዚህ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ካውያው አጠገብ ቆሜ በላብ አወጣዋለሁ። ማኅበር ምናምን ያልከውን አልሰማሁም። እማማ አንተን ብላ ጎህ ሳይቀድ ሊጥ ስታቦካ፣ እኔ አንተን ብዬ እዚህ ስቀቀል፣ አንተ ቆርቆሮ ልትቆርጥ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር? ሰው ቤተሰብ የለውም ወይ ቢል ምን እንመልሳለን?

የሚቀጥለውን ለእማማ አንብብላት። እማማ፤ ልጅሽ ሲያተኩሰው ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ አልብሺው፣ በሩን ዝጊ፣ ላብ እስኪወጣው አትግለጪው። ቢነጫነጭም አትስሚው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ መሸፈን አይወድም።

እህትህ

ግንቦት 1

እታለም፤

እንደምን አለሽ። ዛሬ ሰላምታውን አላስረዝምም፤ ተናድጃለሁ።

ለእማማ አንብብላት ያልሽኝን አላነበብኩላትም። ዘለልኩት። ወረቀቱን አየት አደረገችና «ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ይቺን ብቻ ነው የሚለው?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

«ትንሽ አተኩሶኝ ነበር» ያልኩሽ ውሸት ነው። ልሞት ነበር እታለም።

ብርድ ልብሱ በደረሰ በሳምንቱ ነው። ዳቦ የምናቀርብለት ትምህርት ቤት ለየካቲቱ በዓል እጥፍ አዝዞ ስለነበር እሳቱ ከማለዳ ጀምሮ አልበረደም። ውጭም ፀሐይ ነው። ረፋዱ ላይ ጆሮዬ መጮኽ ጀመረ። እኔ ዘንድ ላብ ያለው ከአንገት በላይ ብቻ ነው፤ ግንባሬ ላይ ጠብ ጠብ አለች፣ ቆይታ እሷም ደረቀች። ቴርሞሜትርሽን ከብብቴ አውጥቼ ሳየው ጫፍ ደርሷል፤ ተበላሽቷል ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። እማማን ጠራኋት። መጥታ ግንባሬን ነካች፣ ደነገጠች። ወረድ ብላ እግሬን ነካች። እግሬ በበሩ በኩል ነው፣ ደም እንደ ልብ አይደርሰውም፣ ቀዝቅዟል።

«ግንባርህ እሳት፣ እግርህ በረዶ! የቱን ልመን?» አለች።

እግሬን አመነች። ያንቺን ብርድ ልብስ እስከ አገጬ ሳበችብኝና በሩን ዘጋችው። «ላብ ይውጣህ የኔ ልጅ፤ ላብ ከወጣህ ይለቅሃል» አለችኝ። «እማማ፣ እኔ እኮ አያልበኝም» አልኳት። «ያልብሃል» አለች። ልትቆጣኝ አይደለም፤ እየለመነችኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የለም።

ያዳነኝ ዳቦ ሊጭን የመጣው ጋሪ ነጂ ነው። ስዘባርቅ ሰምቶ በሩን ከፈተው። ከነፍራሼ ጎትቶ ጓሮ አወጣኝና ለሊጥ የተቀዳውን ውሃ ባልዲ በባልዲ ደፋብኝ። እማማ «ልጄን በብርድ ሊገድልብኝ ነው!» ብላ በፎርኖው አካፋ ጀርባውን ትመታው ጀመር። ዱላውን እየበላ ውሃውን አላቋረጠም አሉ። በዚያው ጋሪ፣ በዳቦው ፈንታ እኔን ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። እዚያ ተኝቼ ብዙ ሰንብቻለሁ። ሐኪሙ እማማን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ እንዲህ ያለ ቀን ከተደገመ እንደማልተርፍ ነግሯታል። ለኔ አልነገረችኝም፤ በቀጭኗ በር በኩል ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ለጋሪ ነጂው ዳቦ በነጻ ትሰጠዋለች። ዓይኑን ግን አታየውም። እኔ ስተኛ ትመጣለች፤ አንድ እጇን ግንባሬ ላይ፣ አንድ እጇን እግሬ ላይ አድርጋ ትቆማለች። የተኛሁ መስዬ አያታለሁ። አንጀቴን ትበላዋለች።

ግድግዳው ነው እታለም። ይኸው ጻፍኩት። እማማም ያልነገረችሽ፣ እኔም ያልነገርኩሽ፣ ስንት ደክመሽ እንዳሠራሽው ስለምናውቅ ነው። በብርዱ ወራት እውነትም አሙቆኛል። አሁን ግን በየቀኑ ከነሕይወቴ እየጋገረኝ ነው። ፎርኖው ይጥፋ አልልሽም፤ እማማ የምትኖረው በሱ ነው። ሌላ ክፍል እንደሌለን ታውቂያለሽ። መስኮቷም ብቻዋን እንደማትበቃ ሐኪሙ ተናግሯል። መውጣት ያለብኝ እኔ ነኝ። የማኅበሩን ቤት ወስደውኝ አይቼዋለሁ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፣ አየሩ ይመላለሳል፣ ቧንቧው ቅርብ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሰው አለ። ሲሞቀኝ ራሳቸው ደርሶባቸው ያውቁታል፤ ማንም «ያልብሃል» አይለኝም። መቀሱንም ሞከርኩት። እጄ አልረሳውም።

እማማ ግን በጄ አላለችም። «እህትህ ለፍታ ያሠራችልህን ለማን ጥለህ? እሷ እሺ ካለች እሺ» ነው የምትለው። ስለዚህ አንዲት ቃል ነው የምለምንሽ፤ «ይሂድ» ብለሽ ጻፊላት። ልዋሽ እችል ነበር። ደብዳቤሽን የማነብላት እኔ ነኝ፤ ይሂድ ብላለች ብላት ታምነኛለች። ትናንት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ከናቴ ቤት እንደ ሌባ መውጣት አልፈለግኩም።

ወንድምሽ

ግንቦት 29

እታለም፤

አልመለስሽም። ደብዳቤው ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ ይህን እጽፋለሁ፤ ግን የጠፋ አይመስለኝም። እማማም ዝምታሽን «አይሆንም» ብላ ተርጉማዋለች። ደብዳቤ አመላላሹ ባለፈ ቁጥር እያየችኝ «አየህ» ትላለች።

እሳቱ ሲበረታ ጋሪ ነጂው ያወጣኝና ግንቡ ጥላ ሥር ያስቀምጠኛል፤ አንገቴ ላይ እርጥብ ጨርቅ አስሬ እውላለሁ። እሱ ሥራ ላይ በሆነ ቀን ግን እዚያው ነኝ። ትናንት እንደዚያ ቀን ጆሮዬ መጮኽ ጀመረ። እማማ ውሃ አመጣች፣ ግማሹን አፈሰሰችብኝና እግሬን ነክታ ቆመች። የቀረውን ልታፈሰው አልደፈረችም።

ጣሪያ ለጣሪያ ስሄድ አንድ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። አሁን ሲነጋ እፈራለሁ። ጥዋት እንጨቱ ሲንጣጣ ስሰማ እጄን እነክሳለሁ። መሞት አልፈልግም፤ በተለይ በናቴ እጅ መሞት አልፈልግም። ከዚያ በኋላ እሷ እንዴት ትኖራለች?

ወንድምሽ

ሰኔ 20

ለወንድሜ፤

ሰላምታ ለመስጠት አፍሬያለሁ፤ ያለህበትን እያወቅሁ ደህና ነህ ወይ ማለት አልደፈርኩም። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የመጀመሪያው አልጠፋም።

እንዳነበብኩት ደሜ ፈላ። ውለታ ቢስ አልኩህ፤ ማንም አልሰማኝም፣ ለአንሶላው ነው የተናገርኩት። ብርድ ላይ ትቼው ቢሆን ይሄኔ ያመሰግነኝ ነበር አልኩ። ስለ ክፍልህ ያላወራሁለት ሰው የለም፤ አሁን ምን ልበላቸው ብዬም አሰብኩ። እይ እንግዲህ፣ አንተ እዚያ ትነድዳለህ፣ እኔ ስለ አፋቸው አስባለሁ። ሁለተኛው ደብዳቤህ እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ነበርኩ።

እሱ በመጣ ሰሞን የላውንደሪው ማራገቢያ ተበላሸ። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ጣሪያው ያንጠባጥባል። አለቃው እስኪጠገን ሥራ አይቆምም አለ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ፤ ላቡ በክርኔ እየወረደ የተኮስኩትን አንሶላ መልሶ ያረጥብብኛል። ለምሳ ስንወጣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሸሚዜን ጨመቅኩት። የወጣው ውሃ ወለሉን አራሰው። ይህ ሁሉ ከኔ ባይወጣ ኖሮ የት ይገባ ነበር? ወንድሜ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ተኝቷል፤ ይህ ደግሞ የለውም። እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጓደኛዬ ሙቀቱ መስሏት ፊቴ ላይ ውሃ ረጨችብኝ።

ያቺን ነርስ ይቅርታ ጠይቅልኝ። ጋሪ ነጂውንም እጁን ሳምልኝ፤ በአካፋ የተመታውን ጀርባውንም።

የሚቀጥለውን ለእማማ አንብብላት፤ ቃል እንዳትጨምር፣ ቃል እንዳትቀንስ።

እማማዬ፤ እኔ ነኝ። ልጅሽ ይሂድ። ራሱ ፈጥሮ እያነበበልሽ አይደለም፤ ብትጠራጠሪ ወረቀቱን ወስደሽ ጎረቤት አስነብቢ። ያንን ግድግዳ ያሠራሁት እኔ፣ እሱ ባያነብልሽም ላብ ይውጣው ብዬ የጻፍኩት እኔ፤ አንቺ ያደረግሽው እኔ እዚያ ብሆን የማደርገውን ነው። ማኅበሩ ቤት ስትሄጂ፣ ሄደሽም ስትነኪው፣ ግንባሩን እመኚ። እግሩ ይዋሻል። ሰው ምን ይላል ካልሽ፣ ልጄ አዘዘችኝ በያቸው፤ እኔ ሩቅ ነኝ፣ ሐሜቱ አይደርስብኝም። ክፍሉን ሊጥ አስቀምጪበት፤ ሊጥ ሙቀት ይወዳል።

አሁን ደግሞ ላንተ ብቻ። ቅር አላላትም ብለህ እንዳትጽናና። ቅር ብሎኛል። ያ ክፍል ካንተ ጋር የምኖርበት ይመስለኝ ነበር፤ አንተ ስትወጣ እኔም የወጣሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ምናልባት ጥቂት ወራት ደብዳቤ አልጽፍልህ ይሆናል። ጠባዬን ታውቀዋለህ፣ ታገሠኝ። ግን ከሞተ ወንድሜ ጋር ተስማምቼ ከምኖር፣ በሕይወት ካለው ጋር ተኳርፌ ብኖር ይሻለኛል።

አንብበህ እንደጨረስክ ጋሪ ነጂውን ጥራው። ነገ አትበል።

እህትህ